የምት ዕዳ፡ ድራመሩ ጂንጀር ቤከር ከማን ተማረ? ምንስ አወረሰ?

በ1971 መገባደጃ ላይ አንድ ቀይ ጸጉር ያለው እንግሊዛዊ ሬንጅ ሮቨር መኪናውን እየነዳ ከአልጀሪያ ወደ ደቡብ የሰሃራን በረሃ ተያያዘው። ሊደርስበት ያሰበው ከተማ የናይጀሪያዋ ሌጎስ ነበረች። አብሮት የተጓዘው የፊልም ባለሙያ ቶኒ ፓልመር በረሃውንም፣ መንገዱንም፣ የሚሰሙትን ከበሮዎችም ይቀርጽ ነበር። መንገደኛው ነጋዴ አልነበረም፤ አገር አሳሽም አልነበረም። ከሦስት ዓመት በፊት «ክሪም» በተባለው የእንግሊዝ የሮክ ባንድ ውስጥ እየተጫወተ በአውሮፓና በአሜሪካ አዳራሾችን ይሞላ የነበረው ድራመር ጂንጀር ቤከር ነው።

በዝናው ከፍታ ላይ ያለ ሙዚቀኛ ስለምን ወደ በረሃ ይወጣል? መልሱ የሚገኘው ከዚያ ጉዞ አሥር ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው። ቤከር በወጣትነቱ ለንደን ውስጥ የአፍሪካ ከበሮ የተቀዳባቸውን ሸክላዎች ሰምቶ ነበር። ያ ድምፅ አጨዋወቱን ለወጠው፤ አጨዋወቱም የሮክ ሙዚቃን ለወጠ። ጉዞው እንግዲህ የጠጣው ውኃ ከየት እንደሚመነጭ ለማየት የሚወጣ ሰው ጉዞ ነበር።

የሮክ ድራመሮች ታሪክ ሲነሣ የቤከር ስም ከፊት ከሚጠሩት አንዱ ነው። ከስሙ ጋር አብሮ የሚነሣ አንድ ጥያቄም አለ፤ እርሱም «የምት ባለቤት ማን ነው?» የሚል ነው። ዜማና ግጥም ደራሲ አላቸው፤ ደራሲውም ይከፈለዋል። ዘፈኑን ተሸክሞ የሚያቆመው ምት ግን በአብዛኛው በማንም ስም አይመዘገብም። የቤከር ሕይወት ይህን ጥያቄ ከሁለት ወገን ያሳያል። እርሱ ከሌሎች ምት ተምሯል፤ ሌሎችም ከእርሱ ምት ተጠቅመዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከብስክሌት ወደ ድራም

ሙሉ ስሙ ፒተር ኤድዋርድ ቤከር ነው። ነሐሴ ወር 1939፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊፈነዳ ቀናት ሲቀሩት፣ በደቡብ ለንደን ሉዊሻም በተባለው አካባቢ ተወለደ። «ጂንጀር» የሚለው ቅጽል በጸጉሩ ቅላት ምክንያት የወጣለት ነው። ግንበኛ የነበረው አባቱ በጦርነቱ ዘምቶ በ1943 ሲሞት ልጁ ገና አራት ዓመቱ ነበር። እናቱ ሠርታ አሳደገችው።

ልጁ በመጀመሪያ የተመኘው ሙዚቃን ሳይሆን ብስክሌትን ነበር፤ በፈረንሳዩ የቱር ደ ፍራንስ ውድድር የመሳተፍ ሕልም ነበረው። በዐሥራዎቹ አጋማሽ ዕድሜው ብስክሌቱ ከታክሲ ጋር ተጋጭቶ ከጥቅም ውጭ ሲሆን ግን ያ ሕልም ቀረ። በትምህርት ቤት ጠረጴዛ በጣቶቹ እየደበደበ የክፍል ጓደኞቹን ያስጨፍር የነበረው ልጅ ድራም ላይ ሲቀመጥ ቦታውን አገኘ። ብስክሌቱ ያጠነከራቸው እግሮችም በኋላ ላይ እንደጠቀሙት ይነገራል።

ድራም የሚባለው የሙዚቃ መሣሪያ አንድ ዕቃ አይደለም። አንድ ሰው ተቀምጦ በሁለት እጆቹና በሁለት እግሮቹ የሚጫወታቸው የተለያየ መጠን ያላቸው ከበሮዎችና ሲምባል የሚባሉ የናስ ሳህኖች ስብስብ ነው። ቀድሞ በሰልፍ ባንድ ውስጥ ትልቁን ከበሮ አንድ ሰው፣ ትንሹን ሌላ ሰው፣ ናሱን ደግሞ ሦስተኛ ሰው ይይዝ ነበር። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትልቁን ከበሮ በእግር ለመምታት የሚያስችል መርገጫ በአሜሪካ ሲስፋፋ የሦስቱ ሰዎች ሥራ ወደ አንድ ሰው ተጠቃለለ።

ይህን አዲስ መሣሪያ ወደ ጥበብ ካሳደጉት ሰዎች መካከል የኒው ኦርሊየንሱ ቤቢ ዶድስ ይገኝበታል። ዶድስ በ1898 የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ የጃዝ ድራመር ነው። ቤከር ሥራውን የጀመረው የኒው ኦርሊየንስን ነባር ጃዝ በሚጫወቱ የእንግሊዝ ባንዶች ውስጥ ስለነበር የመጀመሪያው መማሪያው የዶድስ ቅጂዎች ነበሩ። ቤከር ደጋግሞ እንደተናገረው በዶድስ አጨዋወት ውስጥ ሁለት ነገሮች ተዋሕደው ሰምቷል፤ አንዱ የአውሮፓ ወታደራዊ ሰልፍ ከበሮ፣ ሌላው ባሪያ ሆነው የተጋዙ አፍሪካውያን ይዘውት የሄዱት ምት ነው። ከዶድስ ቀጥሎ ማክስ ሮችን፣ አርት ብሌኪንና ኤልቪን ጆንስን ተከተለ። ሦስቱም ጥቁር አሜሪካውያን የጃዝ ሊቃውንት ናቸው። ቤከር እስከ ዕድሜው ፍጻሜ «የሮክ ድራመር» ሲባል ይቆጣ፣ ራሱንም የጃዝ ሰው አድርጎ ይቆጥር የነበረው ከዚህ የተነሣ ነው።

በአንድ ሌሊት የተከፈተ በር

በ1960 ገደማ በእንግሊዝ ውስጥ በጃዝ ድራመሮች ዘንድ ከሁሉ የላቀ ክብር የነበረው ፊል ሲመን ነበር። ሲመን ወጣቱን ቤከርን በአንድ የለንደን ክበብ ሲጫወት ሰማው። ከዚያም ወደ ቤቱ ወስዶ የአፍሪካ ከበሮ መቺዎች የተቀዱባቸውን ሸክላዎች አሰማው፤ «ምቱ የት ላይ ነው?» እያለም ፈተነው። ቤከር በዚያች ሌሊት አንድ በር እንደተከፈተለት በሕይወት ዘመኑ ሁሉ ሲናገር ኖሯል።

የተከፈተው በር ግን አንድ ብቻ አልነበረም። ሲመን የሄሮይን ሱሰኛ ነበር፤ ቤከርም በዚያው ዘመን ሱሱን ተማረ። ከሱሱ ጋር ሃያ ዓመት ያህል ተናንቋል፤ ደጋግሞ ተላቆ ደጋግሞ ተመልሶበታል። ሲመን ራሱ በ1972 በ46 ዓመቱ ሞተ።

በሸክላዎቹ ውስጥ ቤከር የሰማው ምን ነበር? ነገሩን በጠረጴዛ ላይ ሞክሮ መረዳት ይቻላል። ከአንድ እስከ ስድስት በእኩል ፍጥነት ሳያቋርጡ ደጋግሞ መቁጠር ነው። ቀኝ እጅ «አንድ፣ ሦስት፣ አምስት» ሲባል ይመታል፤ ግራ እጅ «አንድ» እና «አራት» ሲባል ይመታል። ቀኙ በአንድ ዙር ሦስት ጊዜ፣ ግራው ሁለት ጊዜ መታ ማለት ነው። ሁለቱ እጆች በ«አንድ» ላይ ይገናኛሉ፣ ይለያያሉ፣ እንደገና ይገናኛሉ። ጀማሪ እጆቹ ይምታቱበታል፤ የለመደ ግን ከሁለቱ የተለየ ሦስተኛ ምት ከመካከል ሲወጣ ይሰማዋል።

የምዕራብ አፍሪካ የከበሮ ሙዚቃ በአብዛኛው የቆመው በዚህ መሠረት ላይ ነው። ብዙ ሰዎች የተለያየ ምት ይመታሉ፤ የሁሉም ምት ግን በአንድ የጋራ ቆጠራ ይታሰራል። አንዱን ምት ለብቻው ነጥሎ የሚሰማ ሰው ስሕተት ሊመስለው ይችላል፤ ትርጉም የሚያገኘው ከሌሎቹ ጋር ሲሆን ነው። በአንጻሩ በዚያ ዘመን የነበረው የሮክ ድራም አንድ ምት ብቻ ይይዝ ነበር፤ ከአራቱ ቆጠራዎች ሁለተኛውንና አራተኛውን አጥብቆ መምታት። ቤከር የብዙ ሰዎችን ሥራ ለአንድ ሰው አራት እጅና እግር አከፋፈለ። አንዱ እግሩ አንድ ነገር ሲናገር ሌላው እግሩ ሌላ ይመልሳል፤ እጆቹ ደግሞ በሁለቱ ላይ ሦስተኛና አራተኛ ቃል ይጨምራሉ።

መሣሪያውንም ቢሆን በእጁ ሠርቷል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ብርሃን የሚያሳልፍ ጠንካራ ፕላስቲክ በቤቱ የጋዝ ምድጃ ላይ እያሞቀና እያጎበጠ የራሱን ድራም አበጅቶ ለዓመታት ተጫውቶበታል።

ክሪም፡ ድራም ከኋላ ወደ ፊት

በ1962 ቻርሊ ዋትስ የተባለ ድራመር «ብሉዝ ኢንኮርፖሬትድ» በተባለ ባንድ ውስጥ የነበረውን ወንበር «ከእኔ የሚሻል አለ» በሚል መንፈስ ለቤከር ለቀቀ። ዋትስ በኋላ ከሮሊንግ ስቶንስ ጋር ከስድሳ ዓመት ለጥቂት የጎደለ ጊዜ የተጫወተው ዝነኛ ነው። ቤከር በዚያ ከቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ጃክ ብሩስ ጋር ተገናኘ። ሁለቱ ሲጫወቱ የሚደማመጡትን ያህል ከመድረክ ሲወርዱ ይጣሉ ነበር፤ በመድረክ ላይ የተደባደቡበትም ጊዜ አለ።

በ1966 ቤከር ጊታሪስቱን ኤሪክ ክላፕተንን አብረን ባንድ እንመሥርት ብሎ ጠየቀው። ክላፕተን ተስማማ፤ ነገር ግን ቤዝ ጊታሩን ብሩስ እንዲይዝ ቅድመ ሁኔታ አደረገ። ቤከር ሳይወድ ተቀበለ። «ክሪም» የተወለደው እንዲህ ነው። ባንዱ የቆየው ከሁለት ዓመት ጥቂት ያለፈ ጊዜ ብቻ ሲሆን በኅዳር 1968 በለንደኑ ሮያል አልበርት አዳራሽ ባቀረበው ዝግጅት ተሰናበተ። በዚያች አጭር ዕድሜው ግን በሮክ ሙዚቃ ውስጥ የድራመርን ቦታ ለወጠ።

ለውጡ በሦስት ነገሮች ይታያል። አንደኛው ብዛት ነው። ቤከር በዱክ ኤሊንግተን የጃዝ ባንድ ውስጥ ሳም ውድያርድ በሁለት ትላልቅ ከበሮዎች ሲጫወት አይቶ ተመስጦ በክሪም ዘመን በሁለቱም እግሮቹ ሁለት ቤዝ ድራም መምታት ጀመረ። ሐሳቡ የእርሱ ፈጠራ አልነበረም፤ አሜሪካዊው ሉዊ ቤልሰን በ1940ዎቹ በጃዝ ጀምሮታል። ወደ ሮክ በማስገባት ግን ቤከርና የ«ዘ ሁ» ባንዱ ኪዝ ሙን ቀዳሚዎች ናቸው።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። «ቶድ» የተባለው የቤከር ድርሰት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለድራም የታሰበ ነው። በ1966 በወጣው የመጀመሪያ አልበም ላይ አምስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ በ1968 በወጣው «ዊልስ ኦፍ ፋየር» ላይ በመድረክ የተቀዳው ደግሞ ከዐሥራ አምስት ደቂቃ ይበልጣል። ከዚያ በፊት የሮክ ታዳሚ አንድ ድራመር ብቻውን ይህን ያህል ጊዜ ሲጫወት ተቀምጦ ማድመጥ አልለመደም ነበር።

ሦስተኛውና ዋነኛው ትርጉም ነው። በቤከር አጨዋወት ድራም የሌሎችን ጊዜ ብቻ የሚጠብቅ ዘበኛ አይደለም፤ ከጊታርና ከቤዝ ጋር የሚነጋገር እኩል ተናጋሪ ነው። በጩኸት ብቻ የሚመታ ሰው ከዚህ አይደርስም። ቤከርም ከእርሱ በኋላ የመጡትን ብዙ የሮክ ድራመሮች የሚነቅፈው ጉልበት እንጂ ምት የላቸውም እያለ ነበር። ነቀፋው አንዳንዴ ፍትሕ የጎደለው ቢሆንም ለምን እንደሚናገረው ግልጽ ነው።

ወደ ምንጩ

ቤከር ሌጎስ የደረሰው ናይጀሪያ ከእርስ በርስ ጦርነቷ በወጣች በሁለት ዓመት ገደማ ነው። ከተማዋ በሙዚቃ ታፈላ ነበር። እዚያ የጠበቀው ሰው እንግዳው አልነበረም፤ ፌላ ኩቲ በ1958 ለንደን ለሙዚቃ ትምህርት ሄዶ በነበረበት ዘመን ከቤከር ጋር ተዋውቀዋል። ፌላ በዚያን ጊዜ የዮሩባን ምት፣ የምዕራብ አፍሪካን የሃይላይፍ ሙዚቃና የአሜሪካን ጃዝ አዋሕዶ «አፍሮቢት» የተባለውን ስልት እየገነባ ነበር። ሁለቱ በ1971 አብረው የተጫወቱበት አልበም ዛሬም ይሸጣል።

በፌላ ባንድ ውስጥ ድራሙን የያዘው በ1940 ሌጎስ የተወለደው ቶኒ አለን ነበር። ያለ እርሱ አፍሮቢት እንደማይኖር ፌላ ራሱ መስክሯል። የአለን ታሪክ ከቤከር ታሪክ ጋር ሲነጻጸር አስገራሚ ነገር ይታያል። አለን ድራምን በራሱ ሲማር አስተማሪዎቹ ከአሜሪካ የመጡ የጃዝ ሸክላዎች ነበሩ፤ በተለይም የማክስ ሮችና የአርት ብሌኪ። እንግዲህ የለንደኑ ወጣት የአፍሪካን ከበሮ በሸክላ እየሰማ ሲማር፣ የሌጎሱ ወጣት ደግሞ በባርነት ከአፍሪካ የተጋዙ ሰዎች ልጆች በአሜሪካ ያሳደጉትን ምት በሸክላ እየሰማ ይማር ነበር። ምቱ ባሕር ተሻግሮ ሄዶ፣ ሌላ መልክ ይዞ፣ ወደ አገሩ ተመለሰ። ቤከርና አለን በ1978 በበርሊን የጃዝ ፌስቲቫል መድረክ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲጫወቱ የተቀዳው ቅጂ የዚህ ክብ መንገድ ማስረጃ ሆኖ ቀርቷል።

ቤከር በሌጎስ ለዓመታት ኖረ። ባለው ገንዘብ የቀረጻ ስቱዲዮ ገንብቶ በ1973 ከፈተ። በዚያው ዓመት የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ «ባንድ ኦን ዘ ረን» የተባለውን አልበሙን ለመቅዳት ወደ ሌጎስ መጣ። ፌላ ኩቲ እንግዳው የአፍሪካን ሙዚቃ ሊሰርቅ መጥቷል ብሎ በግልጽ ከሰሰው። ማካርትኒ የቀዳቸውን ሥራዎች አሰምቶ እንደዚያ አለመሆኑን ማስረዳት ነበረበት። ከአልበሙ ዘፈኖች አንዱን በቤከር ስቱዲዮ ቀዳ፤ ቤከርም ጠጠር የተሞላ ቆርቆሮ እየነቀነቀ በቅጂው ተሳተፈ።

የፌላ ቁጣ በማካርትኒ ላይ ያለ ቦታው ያረፈ ቢሆንም ከባዶ የተነሣ አልነበረም። የአፍሪካና የጥቁር አሜሪካውያን ምት የሌሎችን ኪስ ሲሞላ ለባለቤቶቹ ጥቂት የተረፈበት ዘመን ረጅም ነው።

ምት የማን ነው?

የአንድ ዘፈን ገቢ በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው ከቅጂው ሽያጭ የሚገኘው ሲሆን በባንዱ ውል መሠረት ተጫዋቾች ይካፈሉታል። ሁለተኛው ለድርሰቱ የሚከፈለው ነው። ዘፈኑ በሬዲዮ በተላለፈ ቁጥር፣ ሌላ ዘፋኝ በተጫወተው ቁጥር፣ በፊልም ወይም በማስታወቂያ በገባ ቁጥር ለደራሲው ይከፈላል። በእንግሊዝ ሕግ ይህ መብት ደራሲው ከሞተ በኋላም ለ70 ዓመት ለወራሾቹ ይቆያል። በረጅም ዘመን የሚያኖረው ይህ ሁለተኛው ነው።

በተለመደው አሠራር ድርሰት የሚባለው ግጥምና ዜማ ነው። የድራም ምት እንደ ማስጌጫ ይቆጠራል። የክሪም ታላላቅ ዘፈኖች በአብዛኛው የተመዘገቡት በብሩስና በገጣሚው ፒት ብራውን ስም ነው። «ሰንሻይን ኦፍ ዩር ላቭ» ሲመዘገብ በሁለቱ ላይ ክላፕተን ተጨምሯል፤ ቤከር ግን የለበትም። ዘፈኑን የሰማ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው የዚያ ዘፈን ጠባይ ከምቱ አይለይም። እንደ ልማዱ ሁለተኛውንና አራተኛውን ቆጠራ ከማጥበቅ ይልቅ አንደኛውንና ሦስተኛውን ያጠብቃል፤ በወፍራም ድምፅ ከበሮዎችም ይንከባለላል። የቀረጻ መሐንዲሱ ቶም ዳውድ ሐሳቡን ያቀረበው እርሱ እንደሆነ ተናግሯል፤ ቤከር ደግሞ የራሴ ነው ብሎ ተከራክሯል። «ኋይት ሩም» የተባለው ዘፈን መግቢያ በአራት ፈንታ በአምስት እንዲቆጠር ያደረግሁት እኔ ነኝ እያለም ቤከር እስከ ሞቱ ድረስ በምሬት ይናገር ነበር።

የሌላው ወገን ክርክርም ሊሰማ ይገባዋል። ብሩስና ብራውን ከባዶ ወረቀት ተነሥተው ግጥሙንና ዜማውን ፈጥረዋል። እያንዳንዱ ተጫዋች ያዋጣው ሁሉ ድርሰት ቢባል ለደራሲነት ወሰን ማበጀት ይከብዳል። ይህን ጭቅጭቅ አስቀድመው የፈቱ ባንዶች አሉ። የአየርላንዱ «ዩ ቱ» ሙዚቃውን በባንዱ ስም ይመዘግባል፤ የአሜሪካው «አር ኢ ኤም» በአራቱም አባላት ስም እኩል ይመዘግብ ነበር። ሁለቱም ባንዶች ለዐሥርት ዓመታት አብረው መዝለቃቸው ከዚህ ስምምነት ጋር ተያይዞ ይነሣል።

ቅሬታው የቤከር ብቻ አልነበረም። ቶኒ አለንም ከፌላ ባንድ በ1970ዎቹ መጨረሻ የወጣው በክፍያና በሥራው ዕውቅና ምክንያት ነው። አንዱ ለንደን፣ አንዱ ሌጎስ፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር፤ ሁለቱም ግን ድራመሮች ነበሩ፤ ሁለቱም በስማቸው ያልተመዘገበ ምት ትተው ሄዱ።

እዚህ ላይ ቤከርን ከብዙዎች የሚለየው አንድ ነገር አለ። በተበዳይነቱ ሲያማርር፣ እርሱም ከሌላ የተቀበለ መሆኑን አልካደም። ዶድስን፣ ሮችን፣ ብሌኪን፣ ጆንስን፣ ሲመንን፣ የአፍሪካን ከበሮ መቺዎች በየአጋጣሚው ይጠራ ነበር። በ1970 ባቋቋመው «ኤር ፎርስ» በተባለው ባንዱ ውስጥ መምህሩን ሲመንን ከናይጀሪያዊው ሬሚ ካባካ ጋር አንድ መድረክ ላይ አቁሟቸዋል። ለልጁም ኮፊ የሚል የጋና ስም አወጣለት፤ ልጁም ድራመር ሆኗል።

ወይራ፣ ፈረስና ኪሳራ

የሌጎሱ ስቱዲዮ ለባለቤቱ አልጸናም፤ ቤከርም በ1970ዎቹ አጋማሽ ከናይጀሪያ ወጣ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወደ ጣልያን ተሻግሮ በቱስካኒ ኮረብታማ ገጠር የወይራ እርሻ ያዘ። ከመድረክ ርቆ ዛፍ መንከባከብና መሬት መቆፈር ያዘ። ከሄሮይን የተላቀቀው በዚያ ዘመን ነው፤ ለዚህም የገጠሩ ሕይወትና አድካሚው የእጅ ሥራ እንደረዳው ይታመናል።

ከዚያ በኋላ በአሜሪካ፣ ቀጥሎም በደቡብ አፍሪካ ኖሯል። ናይጀሪያ ውስጥ በጀመረው የፈረስ ፖሎ ጨዋታ ፍቅር ተይዞ የሚያገኘውን ገንዘብ በፈረሶች ላይ ያፈስስ ነበር። በ2005 ክሪም ከ37 ዓመት በኋላ በለንደንና በኒው ዮርክ እንደገና ሲገናኝ ብዙ ገንዘብ አገኘ፤ ብዙም ሳይቆይ አለቀ። ከብሩስ ጋር የነበረው አሮጌ ጠብም በዚያው መድረክ ላይ ተመልሶ አገረሸ።

ቤከር ለመኖር የሚከብድ ሰው ነበር። በቁጣው ወዳጆቹን አርቋል፤ ቤተሰቡንም በድሏል። በ2012 የወጣውና የሕይወት ታሪኩን የሚተርከው ዘጋቢ ፊልም የሚጀምረው ባለታሪኩ የፊልሙን ዳይሬክተር በከዘራ ሲመታው በማሳየት ነው። በዚያው ፊልም ውስጥ ግን ይህ ኮስታራ ሽማግሌ ብሌኪ፣ ጆንስና ሮች በመጨረሻ ጓደኞቹ መሆናቸውን ሲያነሣ እንባው ይመጣል። ከዝናው ሁሉ የበለጠበት የመምህሮቹ ተቀባይነት ነበር።

ምን አወረሰ?

ጂንጀር ቤከር በጥቅምት 2019 በእንግሊዟ ካንተርበሪ በ80 ዓመቱ አረፈ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት በመገጣጠሚያ ሕመምና በሳንባ በሽታ እየተሠቃየም ከጋናዊው ከበሮ መቺ አባስ ዶዱ ጋር ይጫወት ነበር፤ በ2014 የወጣው የመጨረሻ አልበሙም የዚህ ጓደኝነት ፍሬ ነው።

ተጽዕኖው በብዙ ሰዎች ሥራ ውስጥ ይታያል። የካናዳው «ራሽ» ባንድ ድራመር ኒል ፒርት፣ የ«ፖሊስ» ባንዱ ስቱዋርት ኮፕላንድና የ«ፒንክ ፍሎይድ» ባንዱ ኒክ ሜሰን ውለታውን በየጊዜው መስክረዋል። ሜሰን በተማሪነቱ በ1966 ክሪምን በመድረክ ባየ ጊዜ ድራመርነትን በቁም ነገር ለመያዝ እንደወሰነ ተናግሯል። ዛሬ በሁለት እግር የሚመታ የሮክ ድራመር ሁሉ፣ ቤከርን ሰምቶ ቢያውቅም ባያውቅም፣ በከፈተው መንገድ ይሄዳል።

ትልቁ ውርሱ ግን የመሣሪያ ብዛት አይደለም። በመላው ዓለም የሚደመጠው የሮክ ሙዚቃ የአፍሪካ ዕዳ እንዳለበት በግልጽ ተናግሮ፣ ዕዳውንም ለማየት በረሃ አቋርጦ መሄዱ ነው። ብዙዎች ምቱን ወስደው ምንጩን ረስተዋል፤ እርሱ ግን ቢያንስ ምንጩን በስም ጠራ። ስም መጥራት ክፍያ አይተካም፤ ነገር ግን ስሙ ያልተጠራ ሰው ክፍያ መጠየቅ እንኳ አይችልም።

ሥራዎቹን ማድመጥ የሚሻ ሰው ሦስት ቅጂዎችን በተራ ቢሰማ መንገዱን ያገኘዋል። መጀመሪያ ከ1968ቱ አልበም «ቶድ»ን፣ ቀጥሎ ከፌላ ኩቲ ጋር በ1971 የተጫወተውን፣ በመጨረሻም ከቶኒ አለን ጋር በ1978 በበርሊን ያሰማውን። በሦስተኛው ላይ ሁለት ድራሞች ይጠያየቃሉ፣ ይመላለሳሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። የትኛው የለንደኑ፣ የትኛው የሌጎሱ እንደሆነ ለመለየት ጆሮ የሚቸገርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።